ጓሯችንን ከመዥገር ለማስረጨት ሁለት ዓመት ከፍዬ ያየሁት

ቤታችን የሚገኘው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ሲሆን፣ ከጓሮው ሣር ማብቂያ ጀምሮ ቁልቁል እስከ አኮቲንክ ወንዝ ድረስ ያለው ቦታ ጫካ ነው። ቤቱን ስንገዛ ካስደሰቱን ነገሮች አንዱ ይኸው ጫካ ነበር፤ አጥር የለም፣ ከኋላ የሚያየን ጎረቤት የለም፣ ምሽት ላይ አጋዘኖች እስከ ሣሩ መሃል ድረስ መጥተው እንደ ሰፈር ከብት ይግጣሉ። ከጫካው ምን እንደሚመጣ የገባን በመጀመሪያው ሜይ ነው። ልጄን ገላውን ሳጥበው ከጉልበቱ ጀርባ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ነጥብ አየሁ፤ ጭቃ መስሎኝ በጥፍሬ ልፍቀው ስሞክር እግሮቹን አንቀሳቀሰ።

እናቴ በዚያን ሰሞን ከጎጃም ለጥየቃ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። መዥገር መሆኑን ስነግራት አላመነችም፤ "መዥገር እኮ እንዲህ አያንስም፤ ላም ላይ ሲጠግብ የባቄላ ፍሬ ያህላል" አለችና "ለማንኛውም ላምባ ቀባ አድርግበት፣ ራሱ ይለቃል" ስትል መከረችኝ። ላምባውን ተውኩት፤ በላምባም ሆነ በእሳት ማስጨነቅ ነፍሳቱ የሆዱን ወደ ቁስሉ እንዲመልስ ሊያደርገው ይችላልና። ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዤ ሳልጠመዝዝ ቀጥ አድርጌ ሳብኩት። ሐኪሙ መዥገሩ ገና ያላበጠ መሆኑን ካየ በኋላ ለአንድ ወር ያህል የቆዳ መቅላትና ትኩሳት እንድንከታተል ነግሮ አሰናበተን። ደግነቱ ምንም አልመጣም። ያን ምሽት ግን "ጓሮ የሚረጩ ሰዎች ጥሩ" የሚለው ውሳኔ ከባለቤቴ ዘንድ ያለ ይግባኝ ጸና።

አገልግሎቱን ከመገምገሜ በፊት የሚረጨው ምን ላይ እንደሆነ ልግለጽ፤ ይህን ካለማወቄ የተነሳ የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘቤን በከንቱ አውጥቻለሁ። በእኛ አካባቢ ላይም (Lyme) የተባለውን፣ የቆዳ መቅላትና ትኩሳት የሚያመጣውን የባክቴሪያ በሽታ የሚያስተላልፈው የአጋዘን መዥገር ወይም ጥቁር እግር መዥገር የሚባለው ነው። ስሙ ከአጋዘን ጋር ቢያያዝም፣ የበሽታውን ባክቴሪያ በዋነኛነት የሚወስደው በልጅነቱ ደሙን ከሚጠጣት እግሯ ነጭ ከሆነች የጫካ አይጥ ነው፤ አጋዘን የሚያገለግለው አዋቂውን መዥገር መጋቢና ማጓጓዣ ሆኖ ነው። ከእንቁላል እስከ አዋቂነት ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅበት ሲሆን፣ ለሰው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው በመካከለኛው ዕድሜው፣ ከሜይ እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ፣ ኒምፍ በሚባልበት ወቅት ነው። አደገኛነቱም ከትንሽነቱ የመጣ ነው፤ አዋቂው ቶሎ ይታያል፣ ኒምፉ ግን ሳይታይ ይጠግባል። ባክቴሪያውን ለማስተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት ስላለበት፣ ማታ ማታ የልጆችን ገላ መፈተሽ የሚባለው ምክር ተራ ወግ አይደለም።

ለግምገማው ቁልፍ የሆነው ነገር መዥገሩ የሚኖርበት ቦታ ነው። መዥገር አይበርም፣ አይዘልም፣ ከዛፍም አይወርድም፤ ፀሐይ ያደረቀው አጭር ሣር ላይ ብዙም አይቆይም። ውሎው በረገፈ ቅጠል ሥር፣ እርጥበትና ጥላ ባለበት ነው። ስለዚህ ጫካ አጠገብ ባለ ቤት ውስጥ መዥገር የሚበዛው በሣሩ መሃል ሳይሆን ሣርና ጫካ በሚገናኙበት ጠባብ ድንበር ላይ ነው። የልጆች ኳስ ተንከባልሎ የሚቆመውም እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ድርጅት ዋጋውን በስልክ ነገረን፤ ጓሮውን ሳያይ፣ ጫካው ከየት እንደሚጀምር እንኳ ሳይጠይቅ፣ አድራሻችንን ከሰማ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ 79 ዶላር ብሎ ቆረጠ። ማስታወቂያው የትንኝና የመዥገር ጥበቃ የሚል ሲሆን፣ ጥምረቱ ለደንበኛ ጆሮ የሚጥም እንጂ ሥራው አንድ አይደለም። የመጣው ወጣት በጀርባው ያዘለውን ሞተር አስነስቶ፣ በነፋስ የሚገፋውን ጉም የመሰለ ርጭት በቁጥቋጦው ቅጠል ላይና በዛፎቹ የታችኛው ቅርንጫፍ ላይ እያንሳፈፈ ዞረ። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ሁሉም ነገር በ8 ደቂቃ አለቀ። ትንኝ ቀን ቀን በቅጠል ሥር ስለሚያርፍ ይህ አሠራር ለትንኝ ተገቢ ነው፤ እውነትም በዚያ ክረምት ትንኙ ቀንሶልናል። መዥገሩ ግን ያለው ቅጠል ላይ ሳይሆን ከረገፈው ቅጠል ሥር ስለሆነ፣ ጉሙ ከላይ ከላይ አለፈው። ወጣቱን "መሬቱንስ?" ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ መቶ በመቶ ዋስትና እንዳለን ነገረኝ። ዋስትናው ምን እንደሆነ ውሉ ላይ ሳነብ፣ መዥገር ካየሁ ተመልሰው በነፃ እንደሚረጩ የሚል ብቻ ነው፤ ያው የ8 ደቂቃውን ጉም ማለት ነው።

ጥርጣሬዬን ለማጣራት የተጠቀምኩበት ዘዴ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ ነጭ ጨርቅ በዱላ ላይ አስሮ ሣሩና ቅጠሉ ላይ መጎተትና የተንጠለጠለበትን መዥገር መቁጠር። እነሱ ፍላኔል ይጠቀማሉ፤ እኔ ያገኘሁት ያረጀ ጋቢ ስለነበር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቆርጬ ከመጥረጊያ እንጨት ጋር ሰፋሁት። እናቴ ጋቢ ጫካ ለጫካ ስጎትት ከበረንዳው እያየች ስታማትብ እንደነበር ልደብቅ አልችልም። ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ በድንበሩ ላይ ያንኑ መቶ እርምጃ እየሄድኩ በየአሥር እርምጃው ጨርቁን እገለብጥና እቆጥር ነበር። ከርጭቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ 11 ኒምፍ አገኘሁ፤ ከርጭቱ ሳምንት በኋላ 9። በአንድ ጓሮ የተደረገ የአንድ ሰው ቆጠራ ሳይንስ አይባልም፤ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት ብቻውን ሁለት መዥገር ሊቀንስም ሊጨምርም ይችላል። ሆኖም ውሉን ለማፍረስ በቂ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ያነጋገርነው ድርጅት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተለየ ነበር። ዋጋ ለመናገር ሰው ላኩ፤ የመጡት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ከመኪናቸው ወርደው መጀመሪያ የጠየቁኝ ልጆቹ የት እንደሚጫወቱ ነው። ድንበሩን በእግራቸው ተከትለው ሄዱ፤ የማገዶ ክምሩን፣ የወፍ መመገቢያውን፣ ዥዋዥዌው ከጫካው ጥግ ምን ያህል እንደሚርቅ አዩ። የወፍ እህል አይጥ እንደሚጠራ፣ የአይጥ መኖርም ለመዥገር ምን ማለት እንደሆነ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። የብቃት ማረጋገጫቸውን ስጠይቅ ሳይከፋቸው ከቨርጂኒያ የግብርና መሥሪያ ቤት የተሰጣቸውን ካርድ አሳዩኝ፤ በዚህ ግዛት ለክፍያ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ይህ ሊኖረው ይገባልና ማንም ደንበኛ ለመጠየቅ ማፈር የለበትም። ወዲያውም "ዜሮ አደርግልዎታለሁ የሚልዎትን ሰው አይቅጠሩ" አሉኝ።

ርጭቱ ራሱ 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከመኪናው ላይ ካለ በርሜል ረጅም ጎማ ዘርግተው፣ በግፊት የሚወጣውን ፈሳሽ ወደ መሬት አዘቅዝቀው፣ የረገፈው ቅጠል እስኪገለባበጥ ድረስ ድንበሩን አረጠቡት፤ ወደ ጫካው የገቡት ሦስት ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሣሩን መሃል ጨርሶ አልነኩትም። "መሃሉን ለምን ይተዉታል፣ የከፈልኩት ለሙሉው ነው" ብላቸው፣ እዚያ የሚረጨው መድኃኒት መዥገር ሳይሆን ንብ የሚገድል መሆኑን ነገሩኝ። ያበበውን አዛልያም ዘለው አለፉት። ቁልቁለቱ ወደ ወንዙ የሚያዘነብልበትን ጥግ እንደማይረጩት አስቀድመው አስታወቁን፤ ለዚህ ምክንያቱ መድኃኒቱ ነው።

መድኃኒቱ ባይፈንትሪን የተባለው ነው፤ በአበባ ውስጥ ከሚገኝ የተፈጥሮ ፀረ ነፍሳት ተነስቶ በቤተ ሙከራ የተሠራ የፒሬትሮይድ ዘር ሲሆን፣ በጓሮ መዥገር ሥራ ላይ በብዛት የሚያዘው እሱ ነው። ከአፈርና ከቅጠል ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ዝናብ ቶሎ አያጥበውም፤ ለሳምንታት መሥራቱም ከዚህ የመጣ ነው። ያው ጠባይ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ አፈሩ ራሱ በጎርፍ ተሸርሽሮ ወንዝ ከገባ መድኃኒቱ አብሮት ይገባል፣ ለዓሣና በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ነፍሳት ደግሞ ከፍተኛ መርዝ ነው። ለንብም እንዲሁ። አኮቲንክ ወደ ፖቶማክ ወንዝ፣ ፖቶማክም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ስለሚፈስ፣ በጓሮዬ የሚረጨው ነገር የእኔ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጆች እስኪደርቅ ድረስ ወደ ጓሮ እንዳይወጡ ተነግሮናል፤ እኛ ለጥንቃቄ እስከ ማግስቱ አቆየናቸው። ከዝግባ ዘይትና ከመሳሰሉት ዕፅዋት የሚዘጋጅ አማራጭም አቅርበውልን ነበር፤ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መደጋገም እንዳለበት በግልጽ ስለነገሩን፣ ወጪውን አስልተን ተውነው።

የጋቢው ቆጠራ በዚህ ጊዜ የተለየ ውጤት ሰጠኝ። ከርጭቱ በፊት 13፣ ከሳምንት በኋላ 2፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ 4። እዚህ ላይ ደስታዬን ሳልጨርስ ያነበብኩት አንድ ጥናት አለ፤ ማንኛውም ገንዘቡን ሊያወጣ ያሰበ ሰው ሊያውቀው ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 እና በ2012 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር በኮነቲከት፣ በሜሪላንድና በኒው ዮርክ 2,727 ቤተሰቦችን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሹ ጓሮ በፀደይ አንድ ጊዜ ባይፈንትሪን፣ ለግማሹ ውኃ አስረጩ፤ የትኛው ምን እንደተረጨለት ቤተሰቡ አያውቅም። መድኃኒት የተረጨበት ጓሮ መዥገሩ በ63 በመቶ አንሶ ተገኘ። በሰዎቹ ላይ የተገኘው መዥገርና በበሽታው የተያዘው ሰው ቁጥር ግን ከውኃዎቹ ቤተሰቦች ጋር ሲነጻጸር ልዩነት አልታየበትም። በኒው ዮርክ፣ በደቸስ ካውንቲ፣ ቆይቶ በሌላ ዘዴ የተካሄደ ትልቅ ሙከራም መዥገሩን በግማሽ ያህል ቀንሶ ሳለ በሰው ሕመም ላይ የጎላ ለውጥ አላሳየም። ሰው በጓሮው ብቻ አይኖርማ፤ ልጆች በጎረቤት ጓሮ ይጫወታሉ፣ እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ሌክ አኮቲንክ ዳር እንሄዳለን፤ የቀሩት ጥቂት መዥገሮችም ቢሆኑ ለመንከስ አንድ መሆን ይበቃቸዋል።

ታዲያ ይህን እያወቅኩ ለምን እከፍላለሁ? ርጭቱ የገባውን ቃል ይጠብቃል፤ የገባው ቃል ደግሞ በጓሮዬ ድንበር ላይ ያለውን መዥገር መቀነስ ነው። ከበሽታ እጠብቃችኋለሁ የሚል ሻጭ ካለ ያላገኘውን እየሸጠ ነው። እኔ የገዛሁት ልጆቹ ኳሳቸውን ከጥግ ሲያነሱ የሚያጋጥማቸውን መዥገር ከአሥራ ምናምን ወደ ሁለት ማውረድ ነው፤ ለዚህ በአንድ ርጭት የምከፍለው 110 ዶላር ይበዛል ብዬ አላስብም። የማታው ፍተሻ ግን ርጭት ተረጨ ተብሎ አንድም ቀን አልቀረም፤ ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር፣ እምብርት፣ ከጉልበት ጀርባ። የልጄ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ራሱ ላይ ያለውን ነገር ማየት ቀላል ስላልሆነ በጣቶቻችን እየዳሰስን ነው የምንፈትሸው።

ባለሙያው ያለ ክፍያ የሰጡን ምክር ከርጭቱ ያላነሰ ዋጋ ያለው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሣሩና በጫካው መካከል ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የእንጨት ፍርፋሪ አነጠፍን፤ ፀሐይ ሲመታው የሚደርቅ ስለሆነ መዥገር መሻገሩን አይወደውም፣ ለልጆቹም "ከዚህ ወዲያ አትለፉ" ለማለት ግልጽ ምልክት ሆነልን። ዥዋዥዌውን ወደ ቤቱ አስጠጋን፣ የማገዶ ክምሩን ፀሐይ ወዳለበት አዛወርን፣ በመጸው የሚረግፈውን ቅጠል ከድንበሩ ላይ ጠራርገን አነሳን። የቅጠሉ ሥራ ሁለት ቅዳሜ በልቶብኛል።

ከዚህ አካባቢ ከወጣ ነገር ሁሉ ሐበሻን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ግን ላይም አይመስለኝም። ሎን ስታር የሚባለው፣ ሴቷ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት መዥገር በቨርጂኒያ በብዛት ትገኛለች፤ እንደ አጋዘን መዥገር ተደብቃ የምትጠብቅ ሳትሆን ሰው ስታሸት ተከትላ የምትሄድ ናት። የእሷ ንክሻ በአንዳንድ ሰዎች ላይ አልፋ ጋል የሚባለውን የቀይ ሥጋ አለርጂ ያስከትላል፤ የበሬ፣ የበግና የአሳማ ሥጋ ከበሉ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሽፍታ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ከባድ ሲሆንም የመተንፈስ ችግር ያመጣል። ከመዥገር ጋር ያለውን ግንኙነት ያገኙትም እዚሁ ቅርባችን ባለው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ቶማስ ፕላትስ ሚልስ የሚመራው ቡድን ነው። ለፋሲካ ክትፎ ተከልክሎ መቀመጥን ሳስብ የ110 ዶላሩ ነገር ይበልጥ ይቀለኛል። በጋቢዬ ላይ ከተገኙት መካከል ሁለቱ እነሱ ነበሩ፤ የለየልኝ የካውንቲው ጤና ቢሮ ነው።

ሁለተኛውን ድርጅት ስላመሰገንኩ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በጁላይ ሌላ ሠራተኛ ላኩብን። ቤት አልነበርንም፤ ስንመለስ ጎመን የተከልኩበት መደብ ላይ ጠብታው ደርቆ በቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ምልክት ሠርቶ አገኘሁት። የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የሰፈረው መመሪያ ለሣርና ለጌጥ ተክል እንጂ ለሚበላ አትክልት የተፈቀደ አልነበረም። ሙሉውን ጎመን ነቅዬ ጣልኩት፤ ከጎኑ የነበረውን ጤና አዳም ደግሞ ለእናቴ ቡና ስል ያሳደግኩት ስለነበር የበለጠ አንገበገበኝ። ስደውል ሳይከራከሩ የዚያን ቀኑን ክፍያ መለሱ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ቀጠሮ እንዳይመጡም ፋይላችን ላይ ጻፉ። የመለሱት ገንዘብ ግን ጎመኑን አይመልስም፤ በጓሮው አትክልት ያለው ሰው ከርጭቱ በፊት መደቡን በላስቲክ እንዲሸፍንና ሠራተኛውን በአካል እንዲያሳየው እመክራለሁ። ሌላው ቅሬታዬ ውሉ በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ መሆኑ ነው። ይህ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ፣ ካልሰረዙት በፌብሩዋሪ ከካርድዎ ላይ ቅድሚያ ክፍያ ይቆርጣሉ።

በወቅት ስድስት ርጭት ያቀርቡ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ብቻ አስፈርሜያለሁ። አንዱ ኒምፉ በሚበዛበት በሜይ አጋማሽ፣ ሌላው አዋቂዎቹ በሚወጡበት በኦክቶበር። የቀሩትን አራቱን ባለሙያው ራሳቸው "ለእርስዎ ጓሮ አያስፈልግም" ብለውኛል፤ ይህን ሲሉ የድርጅታቸውን 440 ዶላር አስቀሩ ማለት ነው። ውሉ ላይ ሦስት ነገር በእጅ ጽሑፍ አስጨምሬአለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው እንዲመጡ፣ ዝናብ ከተተነበየ ቀኑ እንዲዛወር፣ የወንዙ ጥግ እንዳይነካ። ሜይ ሲገባ ከርጭቱ በፊት ያለውን ቅዳሜ ጋቢውን ይዤ ድንበሩ ላይ እሆናለሁ፤ እናቴም ዘንድሮ ተመልሳ ስለምትመጣ፣ መቁጠሩን እሷ እንደምትይዝ ከወዲሁ በስልክ ነግራኛለች።